የድሮ ሃርድ ዲስኮችን ስለመሰብሰብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ ምን አለ? እንዴትስ ነው የሚሠራው?

ከክዳኑ ሥር በአንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩ ክብ ዝርግ ሳህኖች አሉ፤ ፕላተር ይባላሉ። አብዛኞቹ ከአሉሚኒየም የተሠሩ ሆነው ላያቸው ማግኔት በሚይዝ ስስ ሽፋን ተለብጧል። በቀደሙት ዲስኮች ሽፋኑ የብረት ኦክሳይድ ስለሆነ መልኩ ዝገት ይመስላል፤ በኋላ የመጡት ደግሞ የሚያብለጨልጭ የብር ቀለም አላቸው። ሞተሩ ፕላተሮቹን በደቂቃ 3,600 ጊዜ ያሽከረክራል፤ የኋለኞቹን 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ። ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ማንበቢያና መጻፊያ ሄድ አለ። ሄዶቹ ሁሉ በአንድ ክንድ ላይ ስለታሰሩ የሚንቀሳቀሱትም አብረው ነው።

ፕላተሩ በሚዞርበት ጊዜ ሄዱ አይነካውም። ከፕላተሩ ጋር የሚነዳው አየር ሄዱን አንስቶ ያንሳፍፈዋል። በ1973 የወጣው የአይቢኤም 3340 ሄድ ከፕላተሩ የሚርቀው ግማሽ ማይክሮን ያህል ብቻ ነበር፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። ውስጡ አየር የሌለበት ባዶ ነው የሚባለው ስህተት ነው፤ አየር ባይኖር ሄዱ ፕላተሩ ላይ ይወድቅ ነበር። አካሉ ላይ የምትታየው ትንሽ ቀዳዳ ከበስተኋላዋ ማጣሪያ ያላት መተንፈሻ ናት። ተለጣፊ ወረቀት አይለጥፉባት።

ፕላተሩ ላይ ያሉት ክብ መስመሮች ትራክ ይባላሉ። በሁሉም ገጾች ላይ በአንድ ርቀት የሚገኙ ትራኮች ሲሊንደር ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ትራክ ደግሞ 512 ባይት በሚይዙ ሴክተሮች ይከፈላል። የሲጌት ኤስቲ-225 ለምሳሌ 615 ሲሊንደር፣ 4 ሄድና በአንድ ትራክ 17 ሴክተር አለው። እነዚህን በ512 ሲያባዟቸው 21,411,840 ባይት ይመጣል። «ሃያ ሜጋ» የሚባለው ይኸው ነው።

ለሰብሳቢ ዋጋ ያላቸው የትኞቹ ናቸው?

የሁሉም አባት በ1956 ይፋ የሆነው የአይቢኤም 350 ነው። 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ፕላተሮች ነበሩት፤ ክብደቱ ወደ አንድ ቶን፣ የሚይዘው ደግሞ 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ። ይህ የሙዚየም ዕቃ ስለሆነ ቤት ይገባል ብለው አያስቡ። ቤት ውስጥ ሊሰበሰብ የሚችለው ታሪክ የሚጀምረው በ1980 ሹጋርት ቴክኖሎጂ (በኋላ ሲጌት የተባለው) ባወጣው ኤስቲ-506 ነው፤ 5.25 ኢንች፣ 5 ሜጋባይት። ተከታዩ ኤስቲ-412 10 ሜጋባይት ይይዛል። በ1983 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ኤክስቲም የመጣው 10 ሜጋባይት ዲስክ ተገጥሞለት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው መስመር በመጠን ማነስ ይከተላል፦ በ1983 የስኮትላንዱ ሮዳይም የመጀመሪያውን 3.5 ኢንች፣ በ1992 ኤችፒ ኪቲሆክ የተባለችውን 1.3 ኢንች፣ በ1999 አይቢኤም ማይክሮድራይቭን አወጡ፤ የመጨረሻዋ 1 ኢንች ብቻ ናት። በ1985 የወጣው የፕላስ ሃርድካርድም ይፈለጋል፤ ዲስኩና ኮንትሮለሩ (ዲስኩን የሚያዘው ሰርኪዩት) አንድ ላይ ሆነው እንደ ካርድ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካሉ። የሚኒስክራይብ ዲስኮችን ደግሞ ሰዎች የሚያነሷቸው በኩባንያው ታሪክ ምክንያት ነው። ሽያጩን ለማሳበጥ በዲስክ ፋንታ ጡብ በካርቶን አሽጎ ልኮ ሲጋለጥ ከሰረ፤ በ1990 ማክስቶር ገዛው። ዲስኮቹ ራሳቸው ግን ከሌላው የባሱ አይደሉም።

ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

ኤስቲ-225 ወይም ታላቅ ወንድሙ ኤስቲ-251። ሁለቱም በብዛት ስለተመረቱ እስካሁን ይገኛሉ፣ መረጃቸውም በደንብ ተመዝግቧል። ስቴፐር ሞተራቸው ክንዱን በደረጃ በደረጃ ሲያራምድ የሚያሰማውን ድምፅ የሚወድ ብዙ ነው። ማዘርቦርድና ኮንትሮለር ፍለጋ መንከራተት ለማይፈልግ ግን ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የወጣ ባለ 40 ፒን አይዲኢ (ኮንትሮለሩ ዲስኩ ላይ የተገጠመበት ዓይነት) ይበቃዋል።

የሲጌትን የሞዴል ቁጥር ማንበብ ቶሎ ይለመዳል። የመጀመሪያው አኃዝ ቅርጹን ይናገራል፦ 2 ከሆነ 5.25 ኢንች ግማሽ ቁመት፣ 4 ከሆነ 5.25 ኢንች ሙሉ ቁመት፣ 3 ከሆነ አንድ ኢንች ቁመት ያለው 3.5 ኢንች። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ፎርማት ከመደረጉ በፊት ያለው አቅም ነው፤ ስለዚህ 251 ማለት 51 ሜጋ ሲሆን ፎርማት ሲደረግ ወደ 43 ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበትን ዓይነት ይናገራል፦ «ኤ» ካለ አይዲኢ፣ «ኤን» ካለ ስካዚ፣ «አር» ካለ አርኤልኤል፣ «ኢ» ካለ ኢኤስዲአይ፣ «ኤክስ» ካለ ለኤክስቲ የተሠራ ባለ 8 ቢት ነው።

ከየት ይገኛል? ስገዛስ ምን ልይ?

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ የኢንተርኔት ጨረታዎችና የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ሰብሳቢዎች ዋናዎቹ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ መርካቶ ምን አለሽ ተራንና አሮጌ ኮምፒውተር የሚፈቱ የጥገና ቤቶችን መጠየቅ ነው፤ ዲስኩ ለአሉሚኒየሙ ሲባል ከመቅለጡ በፊት መድረስ ያስፈልጋል። አብሮት የነበረውን ኮንትሮለር ካርድና ኬብሎች ሳይጠይቁ አይሂዱ። በኤምኤፍኤም (መረጃ ፕላተሩ ላይ ይጻፍበት በነበረው የቀድሞ ዘዴ) ዘመን አንዱ ካርድ የጻፈውን ሌላው ላያነበው ስለሚችል ካርዱ የዲስኩ ግማሽ አካል ነው።

ሲያዩት ክዳኑ ላይ ያሉት ብሎኖች ጭንቅላት ተልጦ ከሆነ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። የተላጠ ማሸጊያ ወረቀትም ያው ነው። ሰርኪዩት ቦርዱ ላይ አረንጓዴ ዝገትና የተቃጠለ ምልክት ይፈልጉ። ክዳኑ ላይ ያለው የተበላሹ ትራኮች ዝርዝር መኖሩን ያረጋግጡ፤ ያለ እሱ ፎርማት ሲያደርጉ ይቸገራሉ። ከሻጩ ጋር ሲነጋገሩ «ይሠራል» የሚለው ቃል አይብቃዎት፦ ሞተሩ ዞሯል ነው ወይስ ፋይል ተነብቦበታል?

በፖስታ የሚላክ ከሆነ ከሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ስፖንጅ ይኑረው፣ ሄዶቹም ከመጠቅለሉ በፊት ፓርክ ይደረጉ (መረጃ ወደሌለበት ቦታ ተወስደው ይቀመጡ)። ኤስቲ-225 ሲጠፋ ሄዱን በራሱ አያስቀምጥም፤ «ፓርክ» ወይም «ሺፕዲስክ» የሚባለውን የዶስ ፕሮግራም ማስኬድ ይፈልጋል። ኤስቲ-251 ግን በራሱ ያደርገዋል።

ገመዱን አይቼ ዓይነቱን መለየት እችላለሁ?

በአብዛኛው አዎ። ሁለት ጠፍጣፋ ኬብል፣ አንዱ 34 ሌላው 20 ፒን ከሆነ ኤምኤፍኤም ወይም አርኤልኤል ነው። 40 ፒን አይዲኢ፣ 50 ፒን ስካዚ፣ የላፕቶፕ 44 ፒን ደግሞ ኤሌክትሪኩን ጭምር የያዘ አይዲኢ ነው።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ኢኤስዲአይም 34ና 20 ፒን ስለሚጠቀም በዓይን ከኤምኤፍኤም አይለይም፤ የሚለየው በሞዴል ቁጥሩ ነው። ባለ 8 ቢቱ የኤክስቲ ዲስክም 40 ፒን ስለሆነ ተራ አይዲኢ ላይ ይሰካል፣ ግን አይሠራም። ሌላው የፍሎፒ ኬብል ነው። እሱም 34 ፒን ሆኖ መሃል ላይ የተጠመዘዙ ሽቦዎች አሉት፤ የሃርድ ዲስኩ ግን ጥምዛዜ ያለው በሌሎች ሽቦዎች ላይ ነው (ከ25 እስከ 29 ባሉት)። ተቀይረው ከተሰኩ ዲስኩ አይመረጥም። በተጠመዘዘው የሃርድ ዲስክ ኬብል ላይ ሁለቱም ዲስኮች በጃምፐር (ሁለት ፒኖችን በምታገናኝ ትንሽ መሰኪያ) ሁለተኛው ቁጥር ላይ ይደረጋሉ፤ መለያየቱን ጥምዛዜው ይሠራዋል። ተርሚኔተር የሚባለው የሬዚስተር ጥቅልም ኬብሉ ጫፍ ላይ ባለው ዲስክ ብቻ ይቀመጥ።

ለዓመታት የተቀመጠ ዲስክ ላይ ኤሌክትሪክ ከመልቀቄ በፊት ምን ላድርግ?

መጀመሪያ በመልቲሜትር ይለኩ። ዲስኩ ምንም ሳይሰካበት ከኃይል መግቢያው ቢጫ ሽቦ በሚገባበት (12 ቮልት) እና ጥቁር በሚገባበት (ግራውንድ) ፒን መካከል ያለውን ኦም ያንብቡ፤ ከዚያ ቀይ በሚገባበት (5 ቮልት) ይድገሙት። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሾርት አለ። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ታንታለም ካፓሲተር ነው፤ ጠብታ የምታህል ቢጫ ወይም ሰማያዊ ክፍል። አምራቾች በ12 ቮልት መስመር ላይ 16 ቮልት የሚችለውን ያስገቡ ስለነበር ሲያረጅ አይቋቋምም። ሲሄድ ፍንጣሪና የሚያስነጥስ ሽታ አለው፣ ስለዚህ ፊትዎን አያስጠጉ። ሲቀይሩት 25 ቮልት የሚችል ያድርጉ፣ የመደመር ምልክቱን ጎንም አይሳቱ።

ፓወር ሰፕላዩ በ12 ቮልት ቢያንስ 5 አምፔር ይስጥ። ሞተሩ ለመነሳት የሚያስፈልገውን ኃይል ስላላገኘ ብቻ፣ ሌላ ችግር ሳይኖርባቸው «አይዞርም» የተባሉ ዲስኮች አሉ፤ ችግሩ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ነው። ከአሜሪካ ከመጣ ኮምፒውተር ጋር ከሆነ ደግሞ ከኋላው ያለችውን ቀይ ማብሪያ ይዩ፦ 115 ላይ እንዳለች በእኛ 220 ሶኬት ላይ ከተሰካ ገና ሳይበራ ያበቃለታል። ወደ 230 ያዙሯት። የኃይል ሶኬቱ ሁለት ማዕዘኑ የተቆረጠ ስለሆነ ተገልብጦ አይገባም፤ በጉልበት ካስገቡት 12 ቮልቱ በ5ቱ መስመር ገብቶ ሎጂኩን ያቃጥለዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበሩት የዳታ ኬብል አያስፈልግም። ዲስኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ብቻ ያዳምጡ። እየጨመረ የሚሄድ የሞተር ድምፅ፣ ከዚያ የክንዱ አጭር ኳኳታ፣ ከዚያ ጸጥታ ከሆነ ጤነኛ ነው። ብረት ሲፋቅ የመሰለ ድምፅ ከሰሙ ወዲያው ያጥፉ፤ ሄዱ ሽፋኑን እየላጠው ነው፣ እያንዳንዱ ዙር ተጨማሪ መረጃ ይወስዳል።

ሞተሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም። ሞቷል?

ብዙ ጊዜ አልሞተም፤ ተጣብቋል። በእነዚህ ዲስኮች ላይ ሞተሩ ሲቆም ሄዱ ፕላተሩ ላይ ያርፋል። ሁለቱም በጣም ለስላሳ ስለሆኑ በእርጥበትና በፕላተሩ ላይ ባለው ቅባት ተጣብቀው ይቀራሉ። ኤሌክትሪኩን ከአምስት ሰከንድ በላይ አይተዉበት፣ የሞተሩ ሾፌር ቺፕ ይግላል።

ያጥፉት፣ ኬብሉን ይንቀሉ፣ ዲስኩን በአግድም በሁለት እጅ ይያዙና በዘንጉ ዙሪያ በፍጥነት ሩብ ዙር ጠምዝዘው ይመልሱት። ውስጥ ያለው ፕላተር በክብደቱ ስለሚዘገይ ሄዱ ይለቃል። ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙና እንደገና ያብሩ። የሞተሩ ጫፍ ከታች በሚታይባቸው ሞዴሎች ላይ በጣት ትንሽ መግፋትም ይቻላል። በመዶሻ ወይም በካቻቢቴ እጀታ መምታት የሚመክሩ አሉ፤ ሄዱን ከማስለቀቅ ይልቅ ከክንዱ ይነቅለዋል። አንዴ ከተነሳ በኋላ ሙሉው ቅጂ ሳይወሰድ አያጥፉት፣ በሁለተኛው ጊዜ እሺ ላይል ይችላል።

ዲስኩ እንደ ወፍ ይጮሃል፤ ኩሽኔታው ሄዷል ማለት ነው?

ስለታም ጩኸት ከሆነ መጀመሪያ የግራውንድ መዳቧን ይጠርጥሩ። በኤስቲ-225ና መሰሎቹ ከታች በሰርኪዩት ቦርዱ በኩል ስስ የመዳብ ስፕሪንግ አለች፤ ጫፏ ላይ ያለችው ትንሽ የግራፋይት ቁልፍ የሞተሩን ዘንግ ጫፍ ትነካለች። ሥራዋ በሚዞረው ፕላተር ላይ የሚጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ወደ ግራውንድ ማፍሰስ ነው። ግራፋይቱ ሲበላ ስፕሪንጓ ትንቀጠቀጥና ትጮሃለች። በእንጨት ዘንግ ጫፍ ቀስ አድርገው ሲጫኗት ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ተገኝቷል።

መፍትሔው ስፕሪንጓ ጀርባ ላይ ትንሽ ስፖንጅ ወይም ወፍራም ተለጣፊ በማኖር ንዝረቷን ማፈን ነው። ቆርጦ መጣል ድምፁን ያጠፋዋል፤ ነገር ግን የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ በሄዱ በኩል ሊወጣ ይችላል። ዘይት ጠብ ማድረግም አንመክርም፣ አቧራ ሰብስቦ ተመልሶ ይጮሃል። ድምፁ ወፍራም ጉርምርምታ ከሆነና ሲሞቅ ከቀነሰ ግን የኩሽኔታው ቅባት ደርቋል። ቶሎ ቅጂ ከመውሰድ በቀር ብዙ የሚደረግ የለም።

ሞተሩ ይዞራል፣ ክንዱ ግን ምንም አይንቀሳቀስም። ለምን?

ዲስኩ ከ1990 አካባቢ የመጣ የኳንተም ፕሮድራይቭ ኤልፒኤስ ከሆነ (በድሮ ማኪንቶሾች ውስጥ በብዛት ይገኛል) ምክንያቱ ጎማ ነው። ክንዱ ሲቆም የሚደገፍባት ትንሽ የጎማ ማቆሚያ ከጊዜ ብዛት ቀልጣ ትጣበቃለች፣ ክንዱንም ይዛ ትቀራለች። በአንዳንድ የኮነር ሞዴሎች ደግሞ የሚቀልጠው በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጓርኒሲዮን ነው። ጥቁር ሙጫ ሆኖ ወደ ውስጥ ይፈስሳል፤ ፕላተሩ ላይ ከደረሰ ነገሩ አበቃ።

ኳንተሙን ማዳን የሚቻለው ክዳኑን ከፍቶ ክንዱን በቀስታ ከጎማዋ በማላቀቅና ጎማዋን በካፕተን ቴፕ በመሸፈን ነው። በተለምዶ ዲስክ አይከፈትም። ይህ አንዱ ልዩ ሁኔታ ነው፣ ያለበለዚያ ዲስኩ ከማይሠራ ዕቃ አያልፍምና። ንፋስ የሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ጓንት አድርገው፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው ይዝጉት። አቧራ እንደሚገባ የታወቀ ነው፤ ለአንድ ሙሉ ንባብ ግን አብዛኞቹ ይበቃሉ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሠሩም አሉ፣ ቃል የሚገባ ግን የለም።

በዩኤስቢ ማገናኛ ስሰካው ኮምፒውተሬ ለምን አያየውም?

ማገናኛዎቹ ሴክተሮችን በተከታታይ ቁጥር (ኤልቢኤ) ብቻ ነው የሚጠሩት። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የነበሩ ብዙ አይዲኢዎች ይህን አያውቁም፤ የሚገባቸው ሲሊንደር፣ ሄድና ሴክተር ብቻ ነው። ስለዚህ ከ500 ሜጋባይት በታች የሆነ ዲስክ በማገናኛው ካልታየ ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ። ማዘርቦርዱ ላይ የራሱ አይዲኢ መግቢያ ያለው የድሮ ፔንቲየም ኮምፒውተር ይፈልጉ፤ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ዲስኩን በራሱ ይለየዋል ወይም ቁጥሮቹን በእጅ ያስገባሉ።

በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ አስነስተው በጂኤንዩ ዲዲሬስኪው ፕሮግራም የዲስኩን ሙሉ ምስል (ዲስኩን እንዳለ የቀዳ አንድ ፋይል) ይውሰዱ። በመጀመሪያው ዙር ደህናውን ክፍል ብቻ አንብቦ የከበደውን እንዲያልፍ፣ በሁለተኛው ወደ ተዘለለው ተመልሶ ሦስት ጊዜ እንዲሞክር ያዙት። የማፕ ፋይል የሚባለውን በፍጹም አይርሱ፤ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት የሚቀጥለው በእሱ ነው። በዊንዶውስ ከፍቶ ፋይሎችን መጎተት ግን ሁለት ጉዳት አለው፦ ዊንዶውስ ሳይጠየቅ ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ የተሰረዙትንም ፋይሎች አያመጣም።

ትልልቆቹም የየራሳቸው ገደብ አለባቸው። የድሮ ባዮስ በ528 ሜጋባይት (1,024 ሲሊንደር፣ 16 ሄድ፣ 63 ሴክተር)፣ ቀጥሎ በ8.4 ጊጋባይት፣ ከዚያ በ137 ጊጋባይት ይቆማል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ዲስኩን ይጎዳዋል?

አይጎዳውም፣ ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሄዱ ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል። አምራቾቹ በተለምዶ የሚያስቀምጡት ገደብ 10,000 ጫማ፣ ማለትም 3,048 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ስለሆኑ በገደቡ ውስጥ ናቸው፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ግን ያልፋል። ስስ አየር ሙቀትንም በደንብ ስለማይወስድ ማራገቢያ መጨመር ብልህነት ነው። ጠፍቶ በአውሮፕላን ቢጓዝ ምንም አይሆንም።

ሎው ሌቭል ፎርማት መቼና እንዴት ይደረጋል?

ሎው ሌቭል ፎርማት ማለት ትራኮቹንና ሴክተሮቹን ራሳቸውን እንደ አዲስ መጻፍ ነው። መጀመሪያ የማይደረግበትን፦ በአይዲኢና በስካዚ ዲስክ ላይ የፋብሪካው ሥራ ስለሆነ አይነካም፣ የሚፈለግ መረጃ ባለበት ዲስክ ላይም እንዲሁ። የሚያስፈልገው በኤምኤፍኤምና በአርኤልኤል ዲስኮች ላይ፣ ኮንትሮለር ሲቀየር ወይም የንባብ ስህተት ሲበዛ ነው። ስቴፐር ሞተር ክንዱን በተቆጠረ እርምጃ ስለሚያቆም ብረቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ከዓመታት በኋላም ሲያረጅ ሄዱ ከጥንቱ ትራክ ትንሽ ይስታል። እንደገና ሲፎርማት ትራኮቹ ሄዱ አሁን በሚቆምበት ቦታ ይጻፋሉ። በስቴፐር ፋንታ ቮይስ ኮይል (ክንዱን በማግኔትና በሽቦ ጥቅል የሚያንቀሳቅስ) ያላቸው ዲስኮች ፕላተሩ ላይ የተጻፈ የአቅጣጫ ምልክት እየተከተሉ ስለሚሄዱ ይህ ችግር የለባቸውም።

ለኤስቲ-225፣ ባለ 8 ቢት የዌስተርን ዲጂታል ካርድ ላይ እንዲህ ነው። ዲስኩን ወደፊት በሚቀመጥበት አኳኋን (ተኝቶ ወይም በጎኑ) አድርገው ለ30 ደቂቃ ያሙቁት። ከዶስ ፍሎፒ አስነስተው ዲባግን ይክፈቱና «ጂ»፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ «ሲ800፡5» ብለው ይጻፉ፤ በካርዱ ሮም ውስጥ ያለው ፕሮግራም ይጀምራል። 615 ሲሊንደርና 4 ሄድ ያስገቡ፣ ከክዳኑ ላይ ያሉትን መጥፎ ትራኮች አንድ በአንድ ይጻፉ። ሲጨርስ ኤፍዲስክ፣ ከዚያ ፎርማት። አይቢኤም ኤቲ ላይ ከሆነ ይኸው ዲስክ በባዮስ ዝርዝር ውስጥ ዓይነት 2 ነው።

ኢንተርሊቭ (ተከታታይ ሴክተሮች በትራኩ ላይ በስንት ቦታ ርቀት እንደሚደረደሩ) ስንት ይሁን ሲልዎ ለኤክስቲ 3 ጥሩ መነሻ ነው። ዲስኩ በ16.7 ሚሊሰከንድ አንድ ጊዜ ስለሚዞር አንድ ሴክተር በአንድ ሚሊሰከንድ ያህል ያልፋል። ኮምፒውተሩ ያነበበውን አስቀምጦ ሳይጨርስ ቀጣዩ ሴክተር ካለፈው ሙሉ ዙር መጠበቅ አለበት። ስለዚህ በ1 ተደርድሮ ካልደረሰበት 17ቱን ሴክተር ለማንበብ 17 ዙር፣ 283 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በ3 ሲደረደር በሦስት ዙር፣ በ50 ሚሊሰከንድ ያልቃል። በ2ና በ4ም ሞክረው ፍጥነቱን ማወዳደር ነው።

ካርዱ የሌለው የኤምኤፍኤም ዲስክ አገኘሁ። ማንበብ ይቻላል?

ይቻላል። ቢግልቦን በተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ላይ የሚገጠም የኤምኤፍኤም ማንበቢያና አስመሳይ ካርድ አለ። የዲስኩን ምልክት ከነጥሬው፣ በመግነጢስ መለዋወጡ ደረጃ ይቀዳና የትኛው ኮንትሮለር እንደጻፈው በኋላ በሶፍትዌር ይፈታል። ያው መሣሪያ ተመልሶ ራሱን እንደ ዲስክ ሆኖ ለድሮው ኮምፒውተር ስለሚያቀርብ ዋናውን ዲስክ ማሳረፍ ይቻላል። ለአይዲኢ ኤክስቲ-አይዲኢ ካርድና ኮምፓክት ፍላሽ፣ ለስካዚ ብሉስካዚ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። ኮምፒውተሩን በየቀኑ የሚያበራ ሰው አስመሳይ ይጠቀም፤ ዋናው ዲስክ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ይዙር። በቀረው ጊዜ ፀረ-ስታቲክ ከረጢት ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር፣ ሙቀትና እርጥበት የማይለዋወጥበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

ዲስኩ ላይ የሌላ ሰው ወይም የመሥሪያ ቤት ፋይል አገኘሁ። ምን ላድርግ?

ባለቤቱ የሚታወቅ ከሆነ ይጠይቁ፤ የማይታወቅ ከሆነ ፕሮግራሞቹን አስቀርተው የግሉን አያሰራጩ። የደመወዝ መዝገብ፣ የሕክምና ወይም የቤተሰብ ደብዳቤ ለሰው የሚታይ ነገር አይደለም፣ ኢንተርኔት ላይ መስቀልማ ጭራሽ።

ከዲስኩ ያወጣሁት የአማርኛ ጽሑፍ ለምን የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታየኛል?

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት (እና ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት) እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሎቹን በራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ነበር። አንድ ባለ 8 ቢት ፎንት 256 ቦታ ብቻ ስላለውና ከነዚያም ብዙዎቹ ለሌላ ሥራ ስለተያዙ የፊደል ገበታው አይበቃውም፤ አንዳንዶቹ በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ከፍለውታል። ስለዚህ በአንዱ ፎንት «ሀ» የሆነው ቁጥር በሌላው ፎንት ሌላ ፊደል ነው። ፎንቱ ከሌለ ኮምፒውተሩ ያንኑ ቁጥር እንደ ላቲን ያሳያል። ጽሑፉ አልጠፋም።

ከምስሉ ውስጥ ሰነዶቹን ብቻ አያውጡ። የፎንት ፋይሎቹን፣ የኪቦርድ ፕሮግራሙንና የጽሕፈት ሶፍትዌሩን አብረው ይያዙ፤ ፓወር ግዕዝም ቪዥዋል ግዕዝም ሌላም ይሁን ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያው መጀመሪያ የሚጠይቀው የፎንቱን ስም ነው። ሰነዱን በአዲስ ዎርድ ከፍተው «ሴቭ» አይበሉት፤ ዎርዱ ፎንቱን ሲያጣ በሌላ ተክቶ ካስቀመጠው የትኛው ቁራጭ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚጠቁመው መረጃ ይጠፋል፣ ቃላቱም ተቀላቅለው ይቀራሉ። ምስሉን ለንባብ ብቻ ቆልፈው ሥራውን በቅጂው ላይ ይሥሩ።